ሱቁንም አንሱት

የፎቶ አነሳስ የሚያስተምር ሰው ሞልቷል። እንዲህ ቁሙ፣ ፀሐይዋን ከኋላችሁ አድርጉ፣ ይህን መተግበሪያ ጫኑ የሚል ምክር የትም ይገኛል። እኔ የምጽፈው በቆየ ቁጥር ዋጋው ስለሚጨምር ፎቶ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የምዞረውን ዙረትና አልፎ አልፎ ወደ ክፍለ ሀገር የማደርገውን ጉዞ ለዓመታት በፎቶ ማስታወሻ ስይዝ ቆይቻለሁ። ባለሙያ አይደለሁም፤ የማነሳውም በስልክ ነው። ከዚህ ሁሉ ዙረት የያዝኩት አቋም አንድ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያነሳውን አንድ ጊዜ አንስቶ ማለፍ፣ የቀረውን ጊዜ ማንም ለማያነሳው ነገር መስጠት።

ፒያሳን እንውሰድ። ለሽርሽር የወጣ ሰው የምኒልክን ሐውልት ያነሳል፣ ጊዮርጊስን ያነሳል፣ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ጋ ቆሞ ይነሳል። ደግ ነው፣ እኔም አንስቻለሁ። ግን እነዚህ የትም አይሄዱም። የምኒልክን ሐውልት ጣሊያን ነቅሎት እንኳ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆሟል። የሚሄደው ከሐውልቱ ማዶ ያለው ነው። በዚያው በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። እዚያ ተወልዳ ያደገች ጓደኛ አለችኝ፤ ቤተሰቧ ሁሉ አልበም ሲያገላብጥ ሰነበተ። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ምርቃት አለ። የሰፈሩ ፎቶ ግን የለም። የገዛ ደጁን ማን ያነሳል? በመጨረሻ ያገኙት በወንድሟ ሠርግ ፎቶ ላይ ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚታየውን አጥርና የጎረቤት መስኮት ነው። እሱን እያጎሉ "ያ ቦኖው አይደል? ይቺ ደግሞ የእነ እትዬ መስኮት" እየተባባሉ ያያሉ፤ ሙሽሮቹን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። እኔ ጋ ከአንድ ቅዳሜ ዙረት የቀረ የጸጉር ቤት ሰሌዳ፣ ወደ ሰፈሩ የሚያስገባው ቁልቁለትና ድመት የተኛችበት የቆርቆሮ በር ነበረኝ። ብልክላት በሩን አወቀችው። የማን ቤት እንደሆነም ነገረችኝ፤ ይህንኑ ከፎቶው ስር ጨምሬ ጻፍኩበት።

ስለዚህ ከተማ ስወጣ የማነሳው ነገር አብሮኝ የሚሄደውን ሰው ያስቀዋል። በእጅ የተሳለ የሱቅ ሰሌዳ አነሳለሁ። የቤት ቁጥር፣ የሊስትሮ ሳጥን፣ ሚኒባስ ውስጥ የተለጠፈ ጥቅስ፣ የጣይቱ ሆቴል የእንጨት ደረጃ አነሳለሁ። ያ ሆቴል በጥር 2007 እሳት ተነስቶበት ከፊሉ ተቃጥሏል፤ ደረጃን ለማጣት አንድ ቀን ይበቃል። ከሁሉ አስበልጬ የምመክረው ግን የዋጋ ዝርዝር ነው። ቁርስ ቤት ስትገቡ ግድግዳው ላይ ያለውን ፉል፣ እንቁላል ስልስ፣ ፍርፍር ከነዋጋቸው አንሱ። ካፌ ስትቀመጡ የማኪያቶውን ዋጋ አንሱ፤ በየዓመቱም አንሱት። እንግዳ ቤቴ መጥቶ አልበሙን ሲያይ የላሊበላን ፎቶ "ያምራል" ብሎ ያልፈውና የድሮ ማኪያቶ ዋጋ ላይ ሲደርስ "እንዴ!" ብሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ወሬው ሌላ ነው፤ ያኔ የት ይሠራ እንደነበር፣ ደሞዙ ስንት እንደነበር፣ ከማን ጋር ማኪያቶ ይጠጣ እንደነበር ይመጣል።

አንድን ነገር ሳነሳ ሦስት ርቀት አለኝ። መጀመሪያ መንገዱን ተሻግሬ፣ ግራና ቀኙ እንዲታይ አድርጌ። ቀጥሎ ቤቱ ወይም ሱቁ ብቻውን። መጨረሻ ተጠግቼ እጀታውን፣ ጽሑፉን፣ የቀለሙን ልጥ። ብዙ ሰው የሚያነሳው መካከለኛውን ብቻ ነው። የሩቁ ከሌለ ግን ከዓመታት በኋላ "ይሄ የት ነበር?" ለሚለው ጥያቄ መልስ አይገኝም፤ በተለይ አካባቢው ከፈረሰ። ስልኩ ቦታውን በካርታ እንዲመዘግብ ማድረግ ይቻላል፣ እኔም አብርቼዋለሁ፤ ካርታው ግን ነጥቡን እንጂ ከሱቁ ጎን ምን እንደነበረ አይነግርም።

ሌላው ልማዴ ቋሚ መቆሚያ መያዝ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ፊት ቆሞ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ሲታይ የከተማዋ ግማሽ ታሪክ አንድ ፎቶ ውስጥ ይገባል። ያንን በዓመት ሁለቴ ከአንድ ቦታ አነሳዋለሁ፤ አንዴ መስከረም ላይ ዝናቡ ሰማዩን ሲያጥበው፣ አንዴ በበጋው አቧራ። ከማንሳቴ በፊት የድሮውን ፎቶ ስልኬ ላይ ከፍቼ በግራ ጠርዝ በኩል የትኛው ሕንፃ እንደተቆረጠ አያለሁና እዚያው ላይ እቆርጠዋለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው የሚታየው ለውጥ ከወሬ ይበልጣል። እናንተ ቸርችል ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም፤ የገዛ ሰፈራችሁ መታጠፊያ ይበቃል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ሰውም መኖሪያ ሰፈሩን እንዲህ ቢይዘው ለልጆቹ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ፎቶ ያለ ጽሑፍ ግማሽ ነው። የወላጆቻችን ትውልድ ይህን ያውቅ ነበር። የእናቴን አልበም ከፍታችሁ ፎቶዎቹን ብትገለብጡ ጀርባቸው ላይ በቀለም እስክሪብቶ "ለማስታወሻ" ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ፣ ቀንና የተነሡበት ከተማ ታገኛላችሁ። ፎቶ ውድ ስለነበረ ይሁን ባህል ስለነበረ፣ ሳይጻፍበት የሚሰጥ ፎቶ ጥቂት ነው። እኛ በቀን መቶ እናነሳለን፣ አንድ መስመር አንጽፍም።

እኔ የምጽፈው በዚያው ምሽት፣ ከመተኛቴ በፊት ነው። ካደረ ይጠፋል፤ ለነገ የተባለ ጽሑፍ ሲጻፍ አላየሁም። ፎቶው ላይ የሚታየውን አልጽፍም፤ ፎቶው ላይ የማይታየውን እጽፋለሁ። ሽታውን፣ የሰማሁትን ወሬ፣ የከፈልኩትን፣ አብሮኝ የነበረውን ሰው፣ ቦታውን የሰፈሩ ሰው የሚጠራበትን ስም። ከማስታወሻዬ አንዱ እንዲህ ይላል፦ "ሠራተኛ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ። ብረት ቀጥቃጩ ለሬዲዮው ሲል መዶሻውን አቆመ፤ ኳስ ነው። ከጎኑ ያለችው ሴትዮ ቡና እየቆላች 'ተሸነፉ በለኝና ልረፍ' ትላለች።" ፎቶው ላይ ያለው የተቀመጠ ሰውዬ ብቻ ነው። ሬዲዮው እንኳ አይታይም።

የምጽፍበት ቦታ ቴሌግራም ነው። ለራሴ ብቻ የከፈትኩት ቻናል አለኝ፤ ማንም አባል የለበትም። ፎቶውን እለጥፋለሁ፣ ከስሩ እጽፋለሁ። ከዓመት በኋላ "ቦኖ" ብዬ ስፈልግ የቦኖው ፎቶ ይመጣል። ለዚህ ስል ቃላቶቼን አንድ ዓይነት አደርጋለሁ፤ አንዴ "ለገሃር" አንዴ "ላጋር" ብዬ ከጻፍኩ ፍለጋው ግማሹን ያስቀርብኛል።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም፤ ብዙ ሰው ላይ ሲያምታታ አይቻለሁ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እኛ የምናስታውሰው በራሳችን። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። የ2015 ጳጉሜንና የ2016 መስከረም ፎቶዎች ለስልኩ ሁለቱም የ2023 ናቸው፤ ለእኛ ግን መሃላቸው እንቁጣጣሽ አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፎልደሩን ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወሩን በቁጥር አስከትሎ መሰየም፤ "2016-01 መስከረም"፣ "2016-05 ጥር" እያሉ። ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ስልኩ ከጠዋቱ 7 ያለው የእኛ 1 ሰዓት ነውና ስትጽፉ በየትኛው እንደምትቆጥሩ ወስኑና አትቀያይሩ።

ከአዲስ አበባ ውጭ ይህ አያያዝ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ሐረር ላይ ነው። በባቡር እስከ ድሬዳዋ ሄጄ፣ ከዚያ የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ ወጣሁ። (ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከፎቶ በፊት ይህ ይቀድማል።) ከመስኮት ስታነሱ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስደግፉት፤ የራሳችሁ ምስል ተራራው ላይ አይወጣባችሁም።

ጀጎል፣ በግንብ የተከበበችው አሮጌዋ ሐረር፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች እንዳሉ ይነገራል፣ ከዚያ የሚበዙ የወልዮች መካነ መቃብሮችና ዝየራ ቦታዎች አሉ። የሚዞር ሰው የሚያነሳው ግን ሁለት ነገር ነው፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳና ጅብ። ግድግዳው እውነትም ያምራል። ስለ ብርሃን የሰማችሁትን ግን እዚህ ተዉት። ሁሉም "ቀትር ላይ አታንሱ" ይላል። በጀጎል ጠባብ መተላለፊያዎች ጠዋትና ማታ አንዱ ግድግዳ ያበራል፣ ሌላው ይጨልማል፣ ስልኩ መሃል ላይ ይደናገራል። ቀትር ላይ ግን ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ብርሃኑ እስከ መሬት ይወርዳል፤ ነጩ ግድግዳ ደግሞ መልሶ ይረጨዋል። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ያነሳኋቸው ከሁሉ ይሻላሉ። ሰዉም ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ ስለሚገባ መንገዱ ለእናንተ ይተዋል።

ጅቡን በተመለከተ፣ የስልክ የሌሊት አነሳስ የማይንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋል፤ ጅብ ደግሞ አይቆምላችሁም። የመኪና ወይም የባጃጅ መብራት በሚያበራበት ጎን ቁሙ፣ ቪዲዮ ቅዱ፣ ቆይታችሁ ከቪዲዮው ውስጥ አንዷን ቅጽበት አውጡ። እኔ ግን ከጅቡ ይልቅ ተመልካቹን ነው ያነሳሁት፤ አንዲት ወይዘሮ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሲመለከቱ ያለው ፎቶ ከጅቡ ይበልጥብኛል።

በከተማዋ ያየሁትና ደጋግሜ የማወራው ነገር ከፈረስ መጋላ አደባባይ የሚወርደው፣ "መኪና ግርግር" የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። የስፌት መኪና ድምፅ ከግራም ከቀኝም ነው። ሰፊዎቹ ደጅ ተደርድረው ይሠራሉ። አንዱን "ላንሳህ ወይ?" ብለው ቀና ሳይል "መጀመሪያ አሰፊ፣ ከዚያ አንሺ" አለኝ። ከጎረቤት ሱቅ ጨርቅ ገዝቼ መጣሁ። ቀሚሱ እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀምጬ መቀሱን፣ የመኪናውን ፔዳል፣ የደንበኞቹ ልክ የተጻፈበትን ደብተር አነሳሁ። እሱም ረሳኝ። ሰው ሲረሳችሁ ነው ፎቶው የሚጀምረው። ለዚህ ደግሞ ቆይታ ያስፈልጋል፤ በአንድ ቀን አምስት ቦታ የሚያዳርስ ጉዞ አይሰጠውም።

እዚያው ሐረር የራምቦ ቤት የሚባለው ሙዚየም አለ። የቆዩ የከተማዋ ፎቶዎች አሉበትና ሳትገቡ አትመለሱ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር በንግድ ሥራ ላይ ሳለ ከፈረንሳይ ካሜራ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 ፎቶ አንስቷል። ያነሳው ምን መሰላችሁ? ራሱን ቡና ተክል መሃል ቆሞ፣ ደግሞም ገበያ ላይ የቆዳ ስልቻ የሚሠራ ሰው። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ፎቶዎቹ የነጡት የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሏል። ያ ስልቻ ሠሪ ያን ጊዜ ለማንም ሐረሬ ብርቅ አልነበረም፤ በየገበያው ቀኑ የሚያየው ሰው ነው። ዛሬ ግን ያቺን የደበዘዘች ፎቶ ለማየት ሰው ባሕር ይሻገራል።

ስለ አነሳሱ ራሱ የምለው ጥቂት ነው፤ ነጠላን በተመለከተ ግን ልንገራችሁ። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ወይም ጎንደር ስታነሱ ሁሉም ነጭ ለብሷል። ስልኩ ነጩን አይቶ "ብርሃን በዛ" ይልና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ የሰዉ ፊት ይጠቁራል። ፊቱ ላይ በጣታችሁ ንኩ፣ ካልበቃ ብርሃኑን ትንሽ ወደ ላይ ሳቡ። ጎጆ ወይም ጨለማ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰውየውን ወደ በሩ አቅርቡት፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሩት፣ ብልጭታውን አጥፉት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብልጭታ ከናካቴው አይታሰብም፤ ጸሎተኛውን ያውካል። ጫማ አውልቆ ካህኑን አስፈቅዶ፣ የተፈቀደውን ያህል ብቻ። እና ሌንሱን ጥረጉ። የስልክ ፎቶ የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ ከኪስ በወጣ ቅባት ነው።

ሰው ማንሳት ሌላ ነገር ነው። አረጋውያንን መጀመሪያ ሰላም ማለት፣ ከዚያ ቁጭ ማለት፣ ከዚያ መጠየቅ ይቀድማል። እንጦጦ መንገድ ላይ እንጨት አውርደው ያረፉ እናት "እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?" ብላቸው "ምን ያደርግልሻል ልጄ? ድካም ነው የምታነሺው" አሉኝ። አላነሳሁም። ያሉትን ግን ምሽት ላይ ጻፍኩት፤ ማስታወሻዬ ውስጥ ፎቶ የሌለው ገጽ እሱ ነው። የለመነን ሰው፣ የታመመን ሰው አላነሳም። ሕፃን ከሆነ እናቱን እጠይቃለሁ፣ ፊቱ የሚለይበትን ደግሞ ለማንም አላሳይም።

ሱቅና ቤት ስታነሱ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ሌላ ነው። በዚህ ጊዜ በአዲስ አበባ ቤት የምታነሳ ሴት ስትታይ "ከወረዳ ነሽ?" ትባላለች። ቀጥሎ "ሊፈርስ ነው እንዴ?" ይመጣል። ሰዉን አትፍረዱበት። ስለዚህ ከማንሳቴ በፊት እገባለሁ፣ ውሃም ቢሆን እገዛለሁ፣ ሰሌዳው ስላማረኝ ነው እላለሁ፣ ካነሳሁ በኋላ አሳያለሁ። ግማሹ "ለእኔም ላኪልኝ" ይላል፤ እልካለሁ። ብዙ የታሪክ ፍንጭ የተገኘው በዚህ ነው፤ ሰሌዳውን ማን እንደሳለው፣ ሱቁ በፊት ምን እንደነበረ። ቤተ መንግሥት፣ የወታደርና የፖሊስ ግቢ፣ ኤምባሲ አካባቢ ግን ስልክ አታውጡ። ጥበቃ "አጥፊ" ካለ ማጥፋት ነው፤ ክርክሩ ከፎቶው አይበልጥም። መርካቶ ላይ ደግሞ አንስቶ ወዲያው ወደ ቦርሳ፤ ስልክ ይዞ ቆሞ ፎቶ መምረጥ የለም።

ስለ ማስቀመጥ። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልኩት ያሳንሰዋል። ለማንበቢያ ይበቃል፣ ለማሳተም አይበቃም፤ ዋናውን "እንደ ፋይል" ብላችሁ ላኩት። ጉግል ፎቶ በነጻ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፣ ያውም ከኢሜይላችሁ ጋር የሚጋራው። እኔ በወር አንዴ ቁጭ ብዬ እመርጣለሁ፤ ተመሳሳዩን አጠፋለሁ፣ የተረፈውን ወደ ኮምፒውተርና ወደ አንድ ፍላሽ እገለብጣለሁ። ፍላሹ የሚቀመጠው እህቴ ቤት ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ቤት ውሃ ይገባዋል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ግን ከስንት አንዴ ነው።

በመጨረሻ ጥቂቱን አሳትማለሁ፤ ከእያንዳንዱ ዙረት ሁለት ሦስት፣ ከዚያ አይበልጥም። ፎቶ ቤት ስትሄዱ አንድ ነገር እወቁ። ስልኩ የሚያነሳው 4 በ3 ነው፣ የተለመደው ወረቀት ደግሞ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 3 በ2። ሳትነግሯቸው ካተሙት ከላይና ከታች ወይም ከጎን ይቆረጣል፤ ቆሞ የተነሳ ሰው እግር፣ የሱቁ ሰሌዳ የመጀመሪያ ፊደል ይሄዳል። ወይ "ሳትቆርጡ፣ ነጭ ጠርዝ ተዉለት" በሉ፣ ወይ ስታነሱ ዙሪያውን ሰፋ አድርጋችሁ አንሱ። ጀርባው ላይ ስትጽፉ ደግሞ ተጭናችሁ አትጻፉ፤ ፊት ለፊቱ ላይ ይወጣል። አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ተራ እስክሪብቶ አይዝም፤ በማይለቅ ስስ ማርከር ጽፋችሁ፣ ከሌላው ፎቶ ጋር ሳትደርቡት እስኪደርቅ ጠብቁ።